በብር ሳንቲም ላይ የምንከፍለው ለማዕድኑ ነው ወይስ ለስሙ?

በጌዴኦ ዞን የቡና ገንዘብ የሚገባበት ወቅት የታወቀ ነው። እሸቱ ተለቅሞ፣ ታጥቦና ደርቆ ከተሸጠ በኋላ በገደብ፣ በይርጋጨፌና በዲላ ያሉ አቅራቢዎችና ነጋዴዎች እጅ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይገኛል። እስከሚቀጥለው እሸት ያሉት ወራት ደግሞ ረጅም ናቸው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉ፣ ገንዘብን በብር ማስቀመጥ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው በሚገባ አሳይቷል። ስለዚህ አንዱ መሬት ይገዛል፤ ሌላው የጭነት መኪና፤ ሌላው ወርቅ። አንዳንዱ ደግሞ ዓይኑን በብር ሳንቲሞች ላይ ይጥላል።

በዚህ ረገድ ለአንድ ነጋዴ ሦስት ዓይነት ሳንቲም ሊቀርብለት ይችላል። የመጀመሪያው ከአያት ሣጥን የወጣ ጠገራ ብር ነው። ሁለተኛው በደርግ ዘመን የተመታ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። ሦስተኛው ዘመድ ከቶሮንቶ ወይም ከኤድመንተን በስጦታ ያመጣው፣ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን አርማ በቀለም የታተመበት፣ በሚያምር ሣጥን ውስጥ ከምስክር ወረቀት ጋር የተቀመጠ ሳንቲም ነው። ሦስቱም ከብር የተሠሩ ናቸው። ሲሸጡ ግን አንድ አይሆኑም። ምክንያቱን መመርመር የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ነው።

ለመሆኑ አንድ የብር ሳንቲም ስንት ዋጋ አለው?

መልሱ ሦስት ነው። አንደኛው በፊቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሲሆን ይህን የሚወስነው ሳንቲሙን ያወጣው መንግሥት ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለው ንጹሕ ማዕድን የሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ይህን ለንደንና ኒውዮርክ ይወስኑታል። ሦስተኛው ደግሞ ሰብሳቢዎች ለብርቅነቱ፣ ለታሪኩና ለመልኩ ከማዕድኑ ዋጋ በላይ የሚጨምሩት ነው፤ ነጋዴዎች ፕሪሚየም ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ «ማዕድኑ» ስንል ንጹሑን ብር ማለታችን ነው። በአማርኛ ገንዘቡም ማዕድኑም አንድ ስም ስላላቸው ካልተለዩ ሒሳቡ ይደበላለቃል። ስሙ የተጋራው ግን በአጋጣሚ አይደለም፤ ገንዘባችን ለረጅም ዘመን ማዕድኑ ራሱ ስለነበረ ነው።

የገደብ ሰው ይህን አከፋፈል ለመረዳት አይቸገርም። የታጠበ የይርጋጨፌ ቡና ለውጭ ገዢ ሲሸጥ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ዋጋ መነሻ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ለስሙና ለጣዕሙ ይጨመርበታል። የኒውዮርኩ ዋጋ እንደ ማዕድኑ ነው፤ ጭማሪው ደግሞ ፕሪሚየሙ ነው። ጥያቄው ጭማሪውን ማን ያገኘዋል፣ በሚቀጥለው ሽያጭስ ይኖራል ወይ የሚለው ነው።

ፊቷ የታመነባት ንግሥት

ከሦስቱ ሳንቲሞች በአገራችን ትልቁ ታሪክ የጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ የተመቱት ጠገራዎች በሙሉ 1780 የሚለውን ዓመት ይዘው ቀርተዋል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጽሕናው 83.3 በመቶ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ማዕድን አለ፤ ይህም 0.75 አውንስ ነው (አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው)። ለስሌት እንዲመች የአውንሱን ዋጋ 30 ዶላር እናድርገው፤ አንባቢ የዕለቱን ዋጋ ይተካበት። የጠገራው ማዕድን 22 ዶላር ከግማሽ ገደማ ይሆናል።

በኢትዮጵያ፣ በየመንና በቀይ ባሕር አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ይህን ሳንቲም የሚቀበሉት መርምረው ነበር። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ የትከሻው ጌጥ ዘጠኝ ዕንቁ ሊኖረው ይገባል። በመገበያየት ብዛት ዕንቁዎቹ የጠፉበት ሳንቲም ወይ አይፈለግም ወይ በቅናሽ ይወሰዳል። ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ጌጥ ሳይሆን ዋስትና ነበር። ሚዛንና የማዕድን መፈተሻ በሌለበት ገበያ ዕንቁ መቁጠር ክብደቱ እንዳልጎደለ ማረጋገጫ ነበር።

ለዚህም ነው ሌላ ፊት ያላቸው ሳንቲሞች ተመሳሳይ ማዕድን ይዘው እንኳ የተቸገሩት። ጣሊያን በኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ የያዘ የራሷን ታለር አውጥታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ጠገራውን የሚመስል ሌላ ሞከረች። ሁለቱም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጡት አልቻሉም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በፓሪስ ያስመቱት ብር ክብደቱም ንጽሕናውም ከጠገራው ጋር እጅግ የተቀራረበ ነበር፤ 28.07 ግራም፣ 83.5 በመቶ። የራሱ ንጉሠ ነገሥት መልክና የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ሳንቲም የገጠሩ ገበያ ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ አይቶት፣ የማያውቃትን የባዕድ ንግሥት ማመኑን ቀጠለ። እንደ ብሔራዊ ስሜት ካየነው ያስገርማል፤ እንደ ገበያ ካየነው ግን አያስገርምም። ገዢው የሚፈልገው ነገ ሌላ ሰው ያለ ክርክር የሚቀበለውን ነው።

ጣሊያኖችም ይህን በኋላ ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የጠገራውን የመምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስመታት ጀመረ። እንግሊዞችም በበኩላቸው በ1936 በለንደን፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ በቦምቤይ መቱት። ዛሬም የቪየናው ሳንቲም ማምረቻ በ1780 ዓመት ይመታዋል። በአጠቃላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል ስለሚባል፣ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ብርቅ ሳንቲም ነው» እያለ ለሚቀርብ ደላላ መልሱ አጭር ነው። ዓመቱ ዕድሜውን አይናገርም፤ አብዛኛው ጠገራ በማዕድኑ ዋጋ አቅራቢያ ይሸጣል። የምኒልክ ብር ግን በቁጥር በጣም ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢዎች ይጨምሩበታል፤ አንበሳው ያነሣው እግር የግራው ነው ወይስ የቀኙ እስከሚለው ድረስ ይለያሉ። ያን ጊዜ ገበያው የናቀው ሳንቲም ዛሬ ከተመረጠው በላይ ዋጋ ያወጣል ማለት ነው። ለአያቶቻችን ብርቅነቱ ጉድለት ነበር።

ሃምሳ ሳንቲሙ

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ መንግሥት አንድ ችግር ነበረበት። በማዕድን መገበያየት የለመደ ሕዝብ ወረቀት እንዴት ይቀበል? የተገኘው ዘዴ ከወረቀቱ ጋር የብር ሃምሳ ሳንቲም ማውጣት ነበር። ማዕድኑን አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ የብድር ዕርዳታ ሰጠች። ሳንቲሙ 7 ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ንጽሕናው 80 በመቶ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በጊዜው ምንዛሪ ሃምሳ ሳንቲም ማለት 20 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በውስጡ ያለው ማዕድን ደግሞ 0.18 አውንስ ነው። ስለዚህ የአውንሱ ዋጋ ከ1 ዶላር ከ11 ሳንቲም በታች እስከሆነ ድረስ ሳንቲሙ እንደ ገንዘብ ይሻላል፤ ከዚያ ካለፈ ማቅለጥ ይሻላል። ሳንቲሙ ሲወጣ ማዕድኑ በዓለም ገበያ ከዚህ ግማሽ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግን 1 ዶላር ከ29 ሳንቲም ደረሰ። በዚያ ዋጋ በዚህ ሳንቲም ሻይ ወይም ክብሪት መግዛት ለገዢው ኪሳራ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት የግሬሻም ሕግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለት ገንዘብ በእኩል ዋጋ ሲዘዋወር መጥፎው ይወጣል፣ ጥሩው ይደበቃል። በ1969 ዓ.ም. የወጣው ሃምሳ ሳንቲም ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ነው፤ እርሱን ማንም አልደበቀውም።

ኢትዮጵያ ያልተሳተፈችበት የዓለም ዋንጫ

ወደ ስፖርት ሳንቲም እንምጣ። ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በስፔን ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ መታሰቢያ በኢትዮጵያ ስም ባለ 20 ብር የብር ሳንቲም ወጥቷል። ኢትዮጵያ በ1962 የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች አገር ብትሆንም ለዓለም ዋንጫ ግን አንድም ጊዜ አልፋ አታውቅም። ሳንቲሙ የታሰበው ለመርካቶ ሳይሆን በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚገኙ ሰብሳቢዎች ነበር። የውጭ ሰብሳቢን ለመሳብ ከዚህ በፊትም በ1970 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ጥበቃ ሳንቲሞች ወጥተው ነበር፤ ባለ 10 ብሩ ጢም ያለውን አሞራ፣ ባለ 25 ብሩ ደጋ አጋዘንን የያዘ ሲሆን፣ ባለ 600 ብሩ የወርቅ ሳንቲም ላይ ዋልያ አለ። እነዚህ ቢያንስ የራሳችን እንስሳት ናቸው።

ባለ 20 ብሩ የእግር ኳስ ሳንቲም 23.3 ግራም ይመዝናል፤ ንጽሕናው 92.5 በመቶ ነው። ማዕድኑ 0.69 አውንስ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ስለነበር የተጻፈበት ዋጋ 9 ዶላር ከ66 ሳንቲም ማለት ነው። በ1982 አጋማሽ የአውንሱ ዋጋ ወደ 5 ዶላር ወርዶ ስለነበር በውስጡ ያለው ማዕድን 3 ዶላር ከግማሽ ብቻ ያወጣ ነበር። የተጻፈው ዋጋ ከማዕድኑ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ 20 ብር ከአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ በዶላር ሲሰላ 20 የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። ማዕድኑ ግን አውንሱ በ30 ዶላር ቢሰላ 20 ዶላር ከ70 ሳንቲም ያወጣል። የመንግሥት ቃል የሆነው ቁጥር ሟሟ፤ ማዕድኑ ቆየ። ፕሪሚየሙስ? ኳሱ ተመትቶ ዋንጫው ከተወሰደ በኋላ ሳንቲሙን የሚፈልገው የኢትዮጵያን ወይም የዓለም ዋንጫን ሳንቲም የሚያሰባስብ ሰው ብቻ ነው።

ሆኪው ምን ይለየዋል?

ሆኪ ለካናዳ እንደ እግር ኳስ ለእኛ ነው። ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1917 በሞንትሪያል ተመሠረተ። ሮያል ካናዳ ሚንት የሚባለው ሳንቲም የሚመታ መንግሥታዊ ድርጅት ደግሞ ከ1908 ጀምሮ በኦታዋ ይሠራል። ሞንትሪያል ካናዲየንስ፣ ቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ፣ ኤድመንተን ኦይለርስ የመሳሰሉት ቡድኖች ብዙ ደጋፊ ስላላቸው አርማቸው በሳንቲም ላይ ሲወጣ ገዢ አያጣም። የማዕድኑ ንጽሕና ከፍተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ 99.99 በመቶ። በዚህ በኩል ሐሜት የለበትም።

ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት ሜፕል ሊፍ የሚባል ሌላ ሳንቲምም ከ1988 ጀምሮ ይመታል። አንድ ሙሉ አውንስ፣ ያው ንጽሕና፣ በላዩ ላይ 5 ዶላር የተጻፈበት። ይህ የሚሸጠው በማዕድኑ ዋጋ ላይ ጥቂት ተጨምሮበት ነው። የመታሰቢያ ሳንቲሙ ግን ከማዕድኑ ዋጋ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊጠየቅበት ይችላል። ልዩነቱ የት ይገባል? አንዱ ክፍል ለቀለሙ፣ ለሣጥኑና በጥንቃቄ ለመምታቱ ወጪ ነው። ሌላው የአርማው ባለቤት ለሆነው ሊግ የሚከፈል የፈቃድ ክፍያ ነው። ቀሪው የአምራቹና የሻጩ ትርፍ ነው። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያው ሽያጭ ቀን ተከፍለው ያልቃሉ። ሁለተኛው ገዢ ሊጉን የሚከፍለው ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ የብዙዎቹ ዋጋ በሁለተኛው እጅ ወደ ማዕድኑ ይጠጋል።

«ቁጥሩ የተወሰነ ነው» የሚለው ማስታወቂያም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የዚህ ሳንቲም ቁጥር ተወስኖ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚወጣው ሌላ ሳንቲም ግን ማንም ቃል አልገባም። አቅርቦቱ ሁልጊዜ አዲስ መልክ እየያዘ ይመጣል፤ የደጋፊው ኪስ ግን አንድ ነው። በተጨማሪም ፍላጎቱ በቦታ የተገደበ ነው። የኤድመንተን አርማ በኤድመንተን ልብ ያሞቃል፤ ዲላ ላይ ግን አንጥረኛው የሚያየው ሚዛኑን ነው። ቀለሙ ለእርሱ ቆሻሻ ነው፤ ሲያቀልጠው ይቃጠላል።

የተጻፈ ዋጋን በሚመለከት አንድ ልዩ ሁኔታ ካናዳ ውስጥ ታይቷል። ሮያል ካናዳ ሚንት ከ2011 ጀምሮ ባለ 20 ዶላር ሳንቲም በ20 የካናዳ ዶላር ይሸጥ ነበር። ማዕድኑ 8 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በተጻፈበት ዋጋ ስለተሸጠ ገዢው ከ20 ዶላር በታች የሚወርድበት ምክንያት አልነበረም። ይህ ዓይነቱ ወለል የሚሠራው የተጻፈበት ገንዘብ ራሱ ሲጸና ነው። በባለ 20 ብራችን ላይ የሆነውን ከላይ አይተነዋል።

ስምን የሚሸጥና ስምን የሚሸከም

ታዲያ ስም ዋጋ የለውም ማለት ነው? ለገደብ ነጋዴ እንዲህ ማለት ቀልድ ይሆናል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ሲያመለክት ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር በ2007 በስምምነት ያለቀው ስም ገንዘብ ስለሆነ ነው። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ ፈቃዱን የሰጠችው ያለ ክፍያ ነበር፤ ሊጉ ግን ለአርማው ያስከፍላል።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የይርጋጨፌ ስም በእያንዳንዱ ምርት እንደገና ይፈተናል። ቀማሹ ዘንድሮም ጣዕሙን ካገኘው ዘንድሮም ይከፍላል፤ የወርቃና የጨልጨሌ ቡና በውጭ ገዢዎች ዘንድ በስማቸው መጠራት የቻሉት በሲኒ ውስጥ የሚለይ ነገር ስላላቸው ነው። የጠገራው ፊትም እንዲሁ በእያንዳንዱ ግብይት ይፈተን ነበር። የሆኪ አርማ ግን ስለ ማዕድኑ የሚናገረው ነገር የለም። አርማው ቢኖርም ባይኖርም አውንሱ አውንስ ነው።

ለሚገዛም ለሚሸጥም

ማዕድኑን ብቻ አስቦ የሚገዛም ቢሆን የዋጋውን ጠባይ ይወቅ። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የአውንሱ ዋጋ 50 ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ የአሜሪካዎቹ የሃንት ወንድማማቾች ክምችት በተነካበት በመጋቢት 27 ቀን ግን ከ11 ዶላር በታች ወረደ። በሚያዝያ 2011 እንደገና ወደ 49 ዶላር ተጠጋ፤ በመጋቢት 2020 ወደ 12 ዶላር ወደቀ። 50 ዶላርን ያለፈው በጥቅምት 2025 ነው። በ1980 ጫፍ ላይ የገዛ ሰው ያወጣውን ለማግኘት አርባ አምስት ዓመት ጠበቀ፤ የዶላሩ የመግዛት አቅም መቀነስ ሳይታሰብ። የጀንፈል ክምችት ዋጋ ቢወርድም እንዲህ አያስጠብቅም፤ በእርግጥ ጀንፈልም አርባ አምስት ዓመት አይቆይም።

የሐሰት ጠገራ በገበያ አለ። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ 28 ግራም ካልሞላ ወይም ካለፈ መጠራጠር ነው፤ ጥቂት መጉደል በማለቅ ሊመጣ ይችላል። ማግኔት ከሳበው ውይይት አያስፈልግም። በጠርዙ ዙሪያ ንግሥቲቱ የምትመራበት «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ መኖር አለበት፤ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ ጠርዙ ላይ ይታወቃል። በውኃ ሲለካ ክብደቱ ከሚያፈናቅለው ውኃ አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም የሰብሳቢ ዋጋ የለውም፤ በማዕድኑ ይሸጣል። የምኒልክ ብር ያለው ደግሞ በሎሚና በአመድ እንዳያሸው። ሲያበራ ደስ ይላል፤ ሰብሳቢው ግን የተፈገፈገውን ሳንቲም ዋጋ በግማሽና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። የሆኪውንም ሳንቲም ከሣጥኑና ከምስክር ወረቀቱ የለየ ሰው ከፕሪሚየሙ የቀረውን በራሱ እጅ ጥሎታል።

የምኒልክን ብር ውጭ አገር ወስዶ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ማስታወስ ይኖርበታል። ቅርስ የተባለ ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ፈቃዱም የሚጠየቀው ቦሌ ላይ ሻንጣ ሲፈተሽ ሳይሆን አስቀድሞ ለቅርስ ባለሥልጣኑ በማቅረብ ነው። ከካናዳ የመጣው የሆኪ ሳንቲም ቅርስ ስላልሆነ በዚህ አዋጅ አይያዝም፤ መልሶ ለመሸጥም ከገደብ ይልቅ ኤድመንተን ይሻለዋል።